ለማሙሽ መኪና፦ በጠና ለታመመ ልጅ ከነተሽከርካሪ ወንበሩ የሚያሳፍር የቤተሰብ መኪና በሰፈር መዋጮ እንዴት እንደሚገዛ

ማሙሽ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው እናቱ አሁንም አዝላው ነበር የምትሄደው። ከካዛንቺስ እስከ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሁለት ታክሲ ይዛ፣ ከታክሲ ወርዳ ደግሞ ልጇን በጀርባዋ ተሸክማ ስትመላለስ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃታል። ሕመሙ ዱሼን የሚባለው የጡንቻ መድከም ነው። በአብዛኛው ወንዶች ልጆችን የሚይዝ ሲሆን መጀመሪያ እግርን፣ ቀጥሎ ክንድን፣ እያደር የመተንፈሻና የልብ ጡንቻን ያዳክማል። ብዙዎቹ ልጆች 12 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው መራመድ ያቆማሉ። ልጁ በኪሎ እየጨመረ ይሄዳል፤ የእናት ጀርባ ግን ያው አንድ ነው።

ተሽከርካሪ ወንበር ሲያገኝ ሁላችንም እፎይ አልን። ብዙም ሳይቆይ ወንበሩ ራሱ ሌላ ችግር ይዞ መጣ። ሚኒባስ ታክሲ ወንበሩን አይጭንም፤ ወያላው እሺ ካለም የሁለት ሰው ሒሳብ ይጠይቃል። ልጁ ትምህርት ቤት መቅረት ጀመረ። ያኔ ነው ጎረቤቶች ተሰብስበን መኪና እንግዛለት ያልነው። እኔ ገንዘብ ያዥ ሆኜ አሥራ አራት ወር አገለገልኩ። ከዚህ በታች የጻፍኩት በዚያ ጊዜ የሠራነውንና ብንደግመው አስተካክለን የምንሠራውን ነው። በመሐል አዲስ አበባ ተመሳሳይ ነገር ለማድረግ የተነሣ ሰው ቢያንስ እኛ ያባከንነውን ሦስት ወር እንዳያባክን ብዬ ነው።

ደረጃ 1፦ ብር ከመጠየቃችሁ በፊት ሜትር ያዙ

እኛ ገንዘብ መሰብሰብ ጀምረን በሦስተኛው ወር አንዲት መኪና ልናይ ሄድን። ጥሩ መኪና ነበረች። ማሙሽ ግን ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ በበሩ አላለፈም፤ ግንባሩ የበሩን ጠርዝ ነካ። ከዚያ በኋላ ነው ሜትር የገዛነው።

ልጁ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ከመሬት እስከ አናቱ ጫፍ ስንት ሳንቲሜትር ነው? ወንበሩ ከጎማ እስከ ጎማ ስፋቱ፣ ከእግር ማሳረፊያው እስከ ኋላ እጀታው ርዝመቱ ስንት ነው? እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጻፉና ቁመቱ ላይ ለዕድገቱ አሥር ሳንቲሜትር ጨምሩበት። መኪና ልታዩ ስትሄዱ የበሩን ቁመትና ስፋት፣ የውስጡን ጣሪያ፣ የወለሉን ከፍታ ለክታችሁ ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ። ሻጩ ወይም ደላላው «ይገባል፣ ይገባል» ቢልም መለካታችሁን አትተዉ።

ክብደትም አለ። ልጁ 45 ኪሎ፣ በእጅ የሚገፋው ወንበር 18 ኪሎ ቢሆን ወደ መኪናው የሚገፋው 63 ኪሎ ነው። በባትሪ የሚሄድ ወንበር ከሆነ ወንበሩ ብቻውን 100 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። አሁን ወንበሩ ወደ መኪናው የሚገፋበትን መወጣጫ አስቡት። የቫኑ ወለል ከመሬት 60 ሳንቲሜትር ከፍ ቢል፣ ለአንድ ሜትር ከፍታ ስድስት ሜትር ርዝመት በሚለው ስሌት መወጣጫው 3 ሜትር ከ60 ይሆናል። አንድ ለአራት ብታደርጉት 2 ሜትር ከ40 ይበቃል፤ ግን ያን ዳገት አንዲት እናት ብቻዋን 63 ኪሎ አትገፋበትም። ከመወጣጫው ጫፍ ወዲያ ደግሞ ወንበሩ የሚዞርበት ሌላ ሜትር ተኩል ያስፈልጋል። የሰፈራችሁ መንገድ ይህን ያህል ቦታ አለው? የእኛ የለውም ነበር። ስለዚህ መኪናው የሚቆመው ከግቢው በር ላይ ሳይሆን ሃምሳ እርምጃ ወዲያ፣ አስፋልቱ ዳር እንዲሆን ከመጀመሪያው ወሰንን። ያቺን ሃምሳ እርምጃ ደግሞ በክረምት ጭቃ እንዳይሆን ጎረቤቶች በሁለት ቅዳሜ በድንጋይ አነጠፏት። ለእሷ የወጣው ወጪ ከሁሉም ያነሰ ነው፤ እናትየው እስከዛሬ የምታመሰግነን ግን ለእሷ ነው።

ቀጥሎ የልጁን ሐኪም ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያውን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ይህ ልጅ እንዴት ይቀመጣል? ጥያቄው ይከብዳል። እናትየው ባለችበት የሚጠየቅ መሆኑን ወይም አለመሆኑን ራሷ ትወስን። መልሱ ግን መኪናውን ይለውጠዋል። ዛሬ ወንበሩ ይታጠፋል፤ ልጁም ተደግፎ ተራ የመኪና ወንበር ላይ ይቀመጣል። ነገ አንገቱን የሚደግፍ፣ የማይታጠፍ ወንበር ያስፈልገው ይሆናል። የመተንፈሻ መሣሪያ ከተጨመረ በመኪናው ውስጥ ኤሌክትሪክ መሰኪያ ያስፈልጋል። መኪናው ሲገዛ ልጁ ነገ የሚሆነው ታስቦ ነው መገዛት ያለበት።

ደረጃ 2፦ በእርግጥ መኪና ነው ወይ የሚያስፈልገው?

እናትየው ለአንድ ወር ልጁ የሄደበትን ሁሉና መሄድ ፈልጎ የቀረበትን ሁሉ በደብተር ትመዝግብ። ጉዞው በወር ሁለቴ ሆስፒታል ብቻ ከሆነ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ ቫን ካለው አስተማማኝ ሾፌር ጋር የዓመት ኮንትራት መዋዋል ከመኪና ግዢ እጅግ ይቀንሳል። ለዚያ መዋጮ መጠየቅ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ለእኛ ጉዳዩን የወሰነው ትምህርት ቤቱ ነው። በሳምንት አምስት ቀን፣ ደርሶ መልስ፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ መድረስ ይፈልጋል። ይህን በኮንትራት ስናሰላው በሦስት ዓመት ውስጥ የመኪና ዋጋ ይበላል። ያቺን ስሌት በአንድ ገጽ አዘጋጅታችሁ ያዙ፤ «ለምን ታክሲ አትከራዩለትም?» የሚል ሰው በየስብሰባው አይጠፋም፣ ጥያቄውም ተገቢ ነው።

ደረጃ 3፦ የመኪናውን ዓይነትና ሙሉ ወጪውን ወስኑ

ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። ስለዚህ የነዳጅ መኪና የምትፈልጉ ከሆነ ምርጫችሁ አገር ውስጥ ያለ ያገለገለ ነው። ከነወንበሩ ለሚገባ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚስማማው ጣሪያው ከፍ ያለው ቶዮታ ሃይስ፣ ሰው ሃይሩፍ የሚለው ነው። መለዋወጫው ሶማሌ ተራ ሞልቷል፤ የትኛውም ጋራዥ ያውቀዋል። የኋላ በሩ ወደ ላይ የሚከፈተው ዓይነት በክረምት ልጁ ሲወጣና ሲወርድ ጣሪያ ይሆነዋል። የጎኑ ተንሸራታች በር ደግሞ በእግረኛ መንገዱ በኩል ስለሚከፈት ከትራፊክ ይጠብቃል። ሁለቱንም አይታችሁ በመንገዳችሁ ልክ ምረጡ።

ጃፓን ውስጥ ከፋብሪካው ለተሽከርካሪ ወንበር ተብለው የሚሠሩ መኪኖችን በኢንተርኔት አይቶ የሚጓጓ ዘመድ አይጠፋም። መሪያቸው በቀኝ በኩል ነው፤ ለአገራችን መንገድ አይሆኑም። ጊዜ አታባክኑባቸው።

የኤሌክትሪክ ቫን ለነዳጅ የሚወጣውን ገንዘብ ስለሚያስቀር ይማርካል። ሁለት ነገር ግን አረጋግጡ። አንደኛ፣ ቤተሰቡ የራሱ ቆጣሪ አለው ወይ? በጋራ ቆጣሪ ግቢ ውስጥ መኪና ቻርጅ ማድረግ ጎረቤት ያጣላል። ሁለተኛውና ትልቁ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ በአብዛኛው የሚቀመጠው ከወለሉ በታች ነው። የወንበሩን ማሰሪያ ለመትከል ወለሉን የሚበሳ በያጅ ባትሪውን ከወጋ እሳት ይነሣል። የአምራቹ ወኪል ቦታውን ካላሳየ በስተቀር ማንም እንዳይበሳው።

ታርጋውንም እዩ። የታክሲ ወይም የንግድ ታርጋ ያለው ቫን ወደ ቤት መኪና ሲዛወር ወጪና ምልልስ አለው። ከውጭ ለማስገባት ካሰባችሁ ደግሞ ለአካል ጉዳተኛ የሚውል ተሽከርካሪን የሚመለከት የቀረጥ ነፃ ጥያቄ የሚቀርበው ለገንዘብ ሚኒስቴር ነው። ጥያቄውን በጽሑፍ አስገብታችሁ መልሱን በጽሑፍ ሳትቀበሉ አንድም ብር ወደ ውጭ እንዳትልኩ።

ከዚያ ሙሉ ወጪውን ደምሩ። የመኪናው ዋጋ፣ የስም ማዛወሪያው፣ የመወጣጫውና የማሰሪያው ሥራ፣ የሦስተኛ ወገን መድን፣ የአንድ ዓመት ነዳጅ ወይም ኤሌክትሪክ፣ ጎማና ሰርቪስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አሥር በመቶ መጠባበቂያ። ብዙ ኮሚቴ የሚሳሳተው የመኪናውን ዋጋ ብቻ ሰብስቦ ሲበተን ነው። ከዚያ መኪናው ግቢ ውስጥ ይቆማል፤ ለነዳጅ የሚሆን ብር የለም። ማን እንደሚነዳም አሁን ተነጋገሩ። የማሙሽ እናት መንጃ ፈቃድ አልነበራትም። የሥልጠናዋን ክፍያ ከመጀመሪያው በጀቱ ውስጥ አስገባነው፤ መኪናው እስኪገዛ እሷ ፈቃዷን አወጣች።

ደረጃ 4፦ ኮሚቴና ወረቀት

አምስት ሰው ይበቃል። ሰፈሩ የሚያከብረው አንድ ሽማግሌ፣ ሒሳብ የሚያውቅ፣ ስለ መኪና የሚያውቅ፣ ቴሌግራምና ፌስቡክ የሚይዝ ወጣት፣ እናትየው ያለ ሐፍረት የምታወራት አንዲት ሴት። ገንዘብ ያዡ የቤተሰቡ ዘመድ አይሁን። ዘመዱ ታማኝ ስላልሆነ አይደለም፤ ሐሜት ቢነሣ ቤተሰቡን የሚከላከልለት ሰው ከውጭ መሆን ስላለበት ነው።

ከሆስፒታሉ የሕክምና ቦርድ ማስረጃ ወይም ማኅተም ያለበት የሐኪም ደብዳቤ አውጡ። ደብዳቤው ሕመሙን፣ ልጁ በተሽከርካሪ ወንበር እንደሚጓዝና ቋሚ ክትትል እንዳለው ይግለጽ። እሱን ይዛችሁ ከወረዳው የድጋፍ ደብዳቤ ጠይቁ። መንገድ ላይ ባነር ሰቅሎ፣ ሞንታርቦ ይዞ ለመሰብሰብ ካሰባችሁ ከወረዳው ሰላምና ፀጥታና ከፖሊስ ፈቃድ ማግኘት አለባችሁ። እኛ የመንገዱን ነገር ተውነው። በሐሰተኛ ማስረጃ የሚለምኑ ሰዎች ስለበዙ የከተማው ሰው ጥርጣሬ ላይ ነው፤ ከዚያ ይበልጥ ደግሞ ልጁ አልወደደውም። ወደሱ እመጣለሁ።

የሐኪሙን ደብዳቤ ለሚጠይቅ ሁሉ አሳዩ፤ ቴሌግራም ላይ ግን አትለጥፉት። የልጁ የካርድ ቁጥርና የምርመራ ውጤት ለሕዝብ የሚበተን ነገር አይደለም።

ደረጃ 5፦ ገንዘቡ የሚገባበት ሒሳብ

መጀመሪያ የተጠቀምነው የአንድ ዘመድን የግል ሒሳብ ነበር። አንድም ብር አልጎደለም። በሁለተኛው ወር ግን «ገንዘቡ የማን ነው?» የሚል ወሬ ተነሣ፤ ወሬውን ለማጥፋት የፈጀብን ጊዜ ገንዘብ ከመሰብሰቡ ይከብድ ነበር። እናንተ ከመጀመሪያው ቀን በጋራ የሚንቀሳቀስ ሒሳብ ክፈቱ። ከሦስት ፈራሚ ሁለቱ ሳይፈርሙ የማይወጣበት፣ ከፈራሚዎቹ አንዷ እናትየው የሆነችበት። ባንኩ የሚፈቅድ ከሆነ መኪናው እስኪገዛ ገቢ ብቻ የሚደረግበት ዝግ ሒሳብ ይሁን። የተመዘገበና ማኅተም ያለው እድር ካላችሁ፣ በቃለ ጉባኤ አስወስናችሁ ሒሳቡን በእድሩ ስም መክፈትም ጥሩ መንገድ ነው።

በቴሌብር የሚልክ ሰው ይበዛል፤ ለእሱ አንድ ቁጥር ብቻ ስጡ። በየማታው የገባው ወደ ባንኩ ይዛወር፣ የመልእክቱም ፎቶ በኮሚቴው ቡድን ውስጥ ይለጠፍ። በእጅ ለሚሰጥ ተራ ቁጥር ያለው ደረሰኝ ይቆረጥ። አሥር ብር የሰጠች የቆሎ ሻጭ ደረሰኝ ይገባታል።

ውጭ አገር ላሉ ወገኖች ደግሞ ጎ ፈንድ ሚ የሚባለው የመዋጮ ድረ ገጽ ወደ ኢትዮጵያ ባንክ በቀጥታ ገንዘብ አያስገባም። ስለዚህ ድረ ገጹ በሚሠራበት አገር የሚኖር ዘመድ ወይም ወዳጅ በስሙ ይከፍተዋል። ለቤተሰቡ ምኑ እንደሆነና ገንዘቡን እንዴት እንደሚልክ ገጹ ላይ በግልጽ ይጻፍ። የሚላከው በባንክ በኩል ይሁን። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምንዛሪ ዋጋ በገበያ ስለሚወሰን ይለዋወጣል፤ ስለዚህ በመዝገባችሁ ላይ ዶላሩንም ብሩንም፣ የገባበትንም ቀን ጻፉ። ይህን ባለማድረጋችን በሪፖርት ጊዜ አንድ ወንድማችን «እኔ የላክሁት ከዚህ ይበልጣል» ብሎ አዘነብን። የባንኩን ወረቀት እስክናሳየው ሁለት ሳምንት ሁላችንም እንቅልፍ አጣን።

ደረጃ 6፦ ልጁን አስቀድማችሁ ጠይቁት

ይህ ደረጃ ከሁሉ ፊት መምጣት ነበረበት። እኛ ግን በስህተት መጨረሻ ላይ አመጣነው።

የመጀመሪያው ባነራችን ላይ ማሙሽ በእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ፣ አንገቱ ዘንበል ብሎ የሚያሳይ ፎቶ ነበር። ከላይ በቀይ ፊደል «የወገን ያለህ!» ይላል። ባነሩን ልናሳየው ቤቱ ስንወስደው ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየው። ከዚያ «የክፍሌ ልጆች ይህን ሊያዩት ነው?» አለ። እናቱ ወደ ጓዳ ገባች። ባነሩን ጠቅልለን ወጣን፤ ከቶም አልተሰቀለም።

በሚቀጥለው እሑድ ተመልሰን ምን እንድንል እንደሚፈልግ ራሱን ጠየቅነው። አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የሚፈልገውን ያውቃል። ጽሑፉን እሱ ተናገረ፣ እኛ ጻፍን፦

«ሰላም ለሁላችሁ። ካዛንቺስ ነው ያደግሁት፤ ስድስተኛ ክፍል ነኝ። ሒሳብ እወዳለሁ፤ የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ ነኝ። የጡንቻ ሕመም ስላለብኝ የምሄደው በተሽከርካሪ ወንበር ነው። ከነወንበሬ የሚያሳፍረኝ መኪና ካለ ትምህርት ቤት አልቀርም፤ እናቴም ወገቧን አያማትም። ጎረቤቶቼ መኪናውን ለመግዛት እየሰበሰቡ ነው። የምትችሉትን ብታግዙን ደስ ይለኛል።»

ከሥሩ የኮሚቴው ጽሑፍ ይቀጥላል፦ ጠቅላላው የሚያስፈልገው ብር፣ እስካሁን የተሰበሰበው፣ የሒሳቡ ስምና ቁጥር፣ የሁለት የኮሚቴ አባላት ስልክ። ፎቶው ፊቱን ሳይሆን ወንበሩን ከኋላ፣ የቡና ማልያውን ለብሶ የሚያሳይ ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ያ ባነር ተሰቅሎ ቢሆን ከምናገኘው በላይ ይመስለኛል ያገኘነው። የጊዮርጊስ ደጋፊዎች ሳይቀሩ ማልያውን እያዩ ላኩ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ልጁ መናገር የሚችል ከሆነ ይጠየቅ፤ የማይችል ከሆነ እናትና አባት ራሳቸውን በልጁ ቦታ አድርገው ይመልሱ። ፊቱ ይታይ ወይስ አይታይ? ስሙ ይጻፍ ወይስ በቁልምጫ ይጠራ? የትምህርት ቤቱና የቤቱ አድራሻ ፈጽሞ አይጻፍ። እያንዳንዱ ምስል ላይ የሒሳቡ ቁጥር በትልቁ ይታተም፤ ፎቶ ሰርቀው የራሳቸውን ስልክ የሚለጥፉ አሉና። «ከዚህ ቁጥር ውጭ አንቀበልም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በየመልእክቱ ድገሙት።

ደረጃ 7፦ የት የት ትጠይቃላችሁ

ከቤተሰቡ ጀምሩ። ሰጪ ሁሉ በሆዱ የሚጠይቀው «እነሱስ ምን አዋጡ?» ብሎ ነው። የማሙሽ እናት የሃያ ሰው እቁብ ነበረባት። የእቁቡ ዳኛና አባላቱ ተነጋግረው ተራዋን አስቀድመው ሰጧት፤ እሷም እንደወትሮው እየጣለች ጨረሰች። ያ ገንዘብ በዝርዝራችን ላይ የመጀመሪያው መሥመር ሆነ። ከዚያ በኋላ የጠየቅነው ሰው ሁሉ ዝርዝሩን ሲያይ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው።

እድር ቀጥሎ ይመጣል፤ ግን ከእድር የምትጠብቁትን አውቃችሁ ሂዱ። የብዙ እድር መተዳደሪያ ደንብ ገንዘቡን ለቀብርና ለሐዘን ነው የሚፈቅደው። ለሕመም ይውል ዘንድ ጠቅላላ ጉባኤ መወሰን አለበት፤ ዳኛውና ጸሐፊው ብቻቸውን ቢሰጧችሁ ነገ እነሱ ይጠየቁበታል። ከካዝናው ይልቅ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በወር ስብሰባው ላይ አሥር ደቂቃ፣ ድንኳኑንና አግዳሚ ወንበሮቹን፣ የአባላቱን ስልክ ዝርዝር። ሦስተኛው ወርቅ ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ሲፈርስ የሰፈራችን ሰው በየአቅጣጫው ተበትኖ ነበር። የእኛ ግቢ ባይነሣም ጎረቤቶቻችን ከከተማው ዳር ዳር ደርሰዋል። ዝርዝሩን ይዘን አንድ በአንድ ደወልን። ሰው ሰፈሩን ናፍቆ ስለነበር የማሙሽ ጉዳይ መገናኛ ምክንያት ሆነ፤ ከሩቅ የመጡት ከቅርቦቹ ይልቅ ብዙ ሰጡ።

ቤተ ክርስቲያን ከሆነ ሰበካ ጉባኤውን፣ መስጊድ ከሆነ የመስጊዱን ኮሚቴ፣ የወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን ከሆነ የሽማግሌዎችን ጉባኤ አስቀድማችሁ በደብዳቤ ጠይቁ። በራሳችሁ በር ላይ ሣጥን ይዛችሁ አትቁሙ። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ወይም ከቅዳሴ መልስ ሁለት ደቂቃ ከተፈቀደላችሁ የሚናገረው የዚያው አጥቢያ ሰው ይሁን። የኮሚቴያችን ሰብሳቢ ሙስሊም ናቸው፤ ማሙሽ ክርስቲያን ነው። በረመዳን ከመስጊዳቸው ያመጡት ገንዘብ ከየትኛውም ዝግጅት የበለጠ ነበር።

መሥሪያ ቤቶች ላይ ደግሞ የአንድ ጊዜ ትልቅ ገንዘብ ከምትጠይቁ በፈቃደኞች ደሞዝ ላይ ለስድስት ወር ትንሽ እንዲቆረጥ ጠይቁ። ትንሽ ነው፣ ግን ይመጣል። በስብሰባ ላይ እጅ አውጥቶ ቃል የሚገባ ሰው ግን በሪፖርታችሁ ላይ «የተሰበሰበ» ውስጥ አይቆጠር። «ቃል የተገባ» የሚል ሌላ ዓምድ ይኑራችሁ። ከእኛ ዘንድ ቃል ከተገባው አንድ ሦስተኛው አልገባም፤ ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ኑሮው ነው።

ጊዜውን ምረጡ። መስከረም የትምህርት ቤት ክፍያ ነው፤ የበዓል ዋዜማ ሰው እጁ ላይ ምንም የለውም። የደሞዝ ሰሞን ቅዳሜ ከሁሉ ይሻላል። የቡና ዝግጅት በጾም ወራት ካደረጋችሁ ምግቡ ሁሉ የጾም ይሁን፤ የሚያበስሉት እናቶች ያውቁታል፣ የሚያዘጋጁት ወጣቶች ግን ይረሱታል። ቶምቦላ ለማውጣት ካሰባችሁ ከብሔራዊ ሎተሪ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱን ሳትይዙ አንድ ቲኬት አትሽጡ። ቲክቶክ ላይ በቀጥታ ስርጭት ስጦታ መሰብሰብ ለብዙዎች ቀላል ይመስላል፤ ኩባንያው ግን ድርሻውን ይቆርጣል፣ ልጁም ለሰዓታት ካሜራ ፊት ይቀመጣል። እኛ እምቢ አልን፤ አሁንም እምቢ እላለሁ።

ደረጃ 8፦ በየወሩ ሪፖርት

በየወሩ አንድ ገጽ፦ የገባ፣ የወጣ፣ የቀረ፣ የሚጎድል። ለባነር ኅትመት የወጣው ሳይቀር ይጻፍ። ገጹን እድሩ ቤት በር ላይ ለጥፉ፤ በቴሌግራምም ልቀቁ። ስሙ እንዳይጠራ የፈለገ ሰጪ «አንድ ወገን» ተብሎ ይጻፍ። ገቢ በቀነሰበት ወርም ሪፖርቱ አይቅር። በሰባተኛው ወር የገባው ከምንም አይቆጠርም ነበር፤ ያን ወር ሪፖርት ስናወጣ አፍረን ነበር። እሱን ያነበበ አንድ ጋራዥ ያለው ሰው ደውሎ የመወጣጫውን ሥራ በነፃ እሠራለሁ አለን።

ደረጃ 9፦ መኪናውን መግዛት

ሜካኒክ ሳታስዩ፣ ልጁን ከነወንበሩ አምጥታችሁ ሳትሞክሩ ቀብድ አትክፈሉ። ሊብሬው ላይ ያለው የሞተርና የሻሲ ቁጥር ከመኪናው ጋር ይመሳከር፤ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ከመዘገበው የአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድ ቅርንጫፍ ይረጋገጥ። ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ይፈረም፤ ክፍያው ከጋራ ሒሳቡ በቀጥታ ወደ ሻጩ ሒሳብ ይግባ። በእጅ አትክፈሉ። ለወንበሩ ቦታ ለማስለቀቅ የተሳፋሪ ወንበር የምትነቅሉ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ካለው ጋር ስለማይገጥም በቦሎ ጊዜ እንዳያስቸግር ከመንቀላችሁ በፊት ያንኑ ቅርንጫፍ ጠይቁ።

በዚያው ሳምንት ከቤተሰቡ ጋር አንድ ውል ፈርሙ። መኪናው በእናትየው ስም ይሆናል፤ ያለ ልጁ ጥቅም አይሸጥም፣ ለሥራ ይከራይ ወይም አይከራይ፣ ትርፍ ገንዘብ ካለም ለምን እንደሚውል ይጻፍበት። አንዱ አንቀጽ ደግሞ ልጁ ሲያርፍ መኪናው ምን ይሆናል የሚለው ነው። ይህን ለመናገር ማንም አልደፈረም። በመጨረሻ ያነሣችው ራሷ እናቱ ናት። «ለሌላ የሚታዘል ልጅ ይሁን» አለች፤ እኛም እንዳለችው ጻፍነው። እሷ ባታነሣው እኛ ማንሣት ነበረብን፤ በሐዘን ቤት ውስጥ ስለ ሊብሬ የሚነጋገር ሰው እንዳይኖር።

ደረጃ 10፦ ማሰሪያውና የመጀመሪያው ጉዞ

ወንበሩ በጉዞ ላይ በአራት ማሰሪያ ይያዛል፤ ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ። ማሰሪያዎቹ የሚያዙት በወንበሩ ዋና ብረት ላይ ነው እንጂ በጎማው ወይም በእጅ ማሳረፊያው አይደለም። የወለሉ መያዣ ቡሎን ከሥር ወፍራም ላሜራ ይደረግለት፤ ቀጭን ወለል ላይ ብቻ የታሰረ በአደጋ ጊዜ ይነቀላል። ልጁ ፊቱን ወደ መኪናው ፊት አድርጎ ይቀመጥ፤ ወደ ጎን ዞሮ መቀመጥ አደገኛ ነው። ወንበሩ መታሰሩ ብቻ አይበቃም። ልጁ ራሱ በትከሻና በወገብ የሚያልፍ የመኪና ቀበቶ ያስፈልገዋል፤ የወንበሩ የወገብ ማሰሪያ እንዳይንሸራተት ነው እንጂ ለግጭት አልተሠራም።

መወጣጫውን የአገራችን ብረት ሠራተኞች አሳምረው ይሠሩታል፤ ለእግርና ለጎማ እንዳያንሸራትት ወለሉ ሻካራ ላሜራ ይሁን፣ ዳርና ዳሩ ላይ ደግሞ ጎማው እንዳይወጣ አምስት ሳንቲሜትር ከፍ ያለ ጠርዝ ይኑረው። የወንበር ማሰሪያውን ግን በጭነት መኪና ገመድ አትተኩት። ለዚሁ ተብሎ የተሠራው የአራት ማሰሪያ ስብስብ በሻንጣ የሚያዝ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ ከልብስና ከሽቶ በፊት እሱን እንዲያመጣ ንገሩት።

የመጀመሪያውን ጉዞ በሆስፒታል ቀጠሮ ቀን አታድርጉት። አንድ እሑድ ጠዋት መንገዱ ባዶ ሲሆን በእስጢፋኖስ፣ በስታዲየም፣ በለገሃር አድርጋችሁ የቸርችልን ዳገት ውጡ። ዳገቱ ላይ ወንበሩ ወደ ኋላ ከተሳበ ማሰሪያው ላልቷል፤ ቁልቁለቱ ላይ ወደ ፊት ከሄደ የኋላዎቹ ይጠብቁ። ከልጁ አጠገብ አንድ ሰው ይቀመጥና የት የት እንደሚያመው ይጠይቀው። ማሙሽ አንገቱን አመመው፤ ተመልሰን ከወንበሩ ኋላ ድጋፍ አስገጠምን፣ በሚቀጥለው እሑድ ደግመን ወጣን።

ከዚያ በኋላ የቀረው ሒሳቡን መዝጋት ነው። ባንኩ የመጨረሻውን መግለጫ ማኅተም አድርጎ ይስጣችሁ፤ እሱን፣ የሽያጭ ውሉንና የጋራዡን ደረሰኝ ቅጂ እድሩ ቤት በር ላይ ለጥፉ። ለአንድ ወር ሳይነሣ ይቆይ።